እጅ ማውጣትና ገንዘብ ማውጣት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ነው። ከሳምንታት በፊት ያወጣችሁት አንድ ጽሑፍ ግን ቡናዬን አቀዘቀዘብኝ። ጸሐፊው የደጋ ገበሬ ማዳበሪያ በሚፈለገው መጠን የማይጠቀመው፣ የሰብል መድን ግዛ ሲባልም ፊቱን የሚያዞረው «በግንዛቤ እጥረት» ነው ይላሉ። መድኃኒቱም ተከታታይ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ነው ብለው ይደመድማሉ።

ይቺን ቃል የማያውቃት የለም። ሰው ቆሻሻ መንገድ ላይ ከጣለ የግንዛቤ እጥረት ነው። ግብር ካልከፈለ የግንዛቤ እጥረት ነው። ክሊኒክ ዘግይቶ ከሄደም እንደዚያው። አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የፕላስቲክ ውሃ ይታደላል፣ አበል ይፈረማል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። በማግስቱ ነገሩ እንደነበረ ከሆነስ? ግንዛቤው ገና አልሰረጸም ይባልና ሌላ አዳራሽ ይከራያል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ገበሬው አልገባውም ከማለታችን በፊት እንሞክር። ሞክረን እንይ። ይህን የምለው በስሜት አይደለም፣ ሰው በገንዘቡ ላይ እንዴት እንደሚወስን በሙከራ የሚያጠና ሙሉ የትምህርት ዘርፍ ስላለ ነው። የሙከራ ኢኮኖሚክስ ይሉታል። መጀመሪያ ግን አባቴን ላስተዋውቃችሁ።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት ብርዳም አገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእረፍት ሄጄ ሳለ ቀበሌው ስብሰባ ጠራና አብሬያቸው ሄድኩ። ጉዳዩ ማዳበሪያ ነበር። ባለሙያው ልጅ እግር፣ ትጉህ ልጅ ነው፣ በደንብ አስረዳ። በመጨረሻ «በሄክታር የተባለውን ያህል ለመጠቀም የምትስማሙ እጅ አውጡ» አለ። ያልወጣ እጅ አልነበረም። አባቴም አወጡ፣ እንዲያውም ከብዙዎቹ ቀድመው። ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ዘንድሮ ሙሉውን ሊወስዱ ነው ማለት ነው?»

«ምኑን?»

«ማዳበሪያውን ነዋ። እጅዎን አወጡ እኮ!»

«እጅ ማውጣት መቼ ገንዘብ ያስወጣል?» አሉኝ ዱላቸውን ወደ ሌላው ትከሻ እያዛወሩ።

የወሰዱት ግማሹን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ያልያዝኩትን ነገር በዚያች መንገድ ላይ ያዝኩት። ሰው ሲጠየቅ የሚናገረውና ገንዘቡ ሲነካ የሚያደርገው ለየቅል ነው። ስብሰባ ላይ የሚወጣው እጅ ለባለሙያው ይሉኝታ ነው፣ ለሊቀመንበሩ አክብሮት ነው፣ ደግሞም ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ውሳኔ አይደለም። የሙከራ ኢኮኖሚክስ ሰዎች ዋናው ነገራቸው ይኸው ነው። «ምን ታደርጋለህ?» ብለው አይጠይቁም። እውነተኛ ምርጫ ከእውነተኛ ብር ጋር ፊትህ ያስቀምጡና ምን እንዳደረግህ ይጽፋሉ።

(ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ልቀይራቸው ብዬ ጀምሬ ነበር፣ መስከረም ላይ ግራ ተጋባሁና ተውኩት።)

ከማዳበሪያው ልጀምር። ሩት ቫርጋስ ሂልና አንጀሊኖ ቪሴይዛ የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ገጠር ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ያደረጉት ሙከራ አለ፣ የታተመው በ2012 ነው። ጨዋታ ነው። ገበሬው በየዙሩ ማዳበሪያ ልግዛ አልግዛ፣ ከገዛሁስ ስንት ከረጢት ብሎ ይወስናል። ከዚያ የአየሩ ሁኔታ በዕጣ ይወጣል። ዝናቡ ደህና ከሆነ ማዳበሪያው ያተርፋል፣ ካልሆነ የወጣው ገንዘብ ቀለጠ። ጥቂት ዙር ከተጫወቱ በኋላ ለአንዳንዶቹ፣ እነማን እንደሆኑም በዕጣ ተለይቶ፣ መድን ተጨመረላቸው። ምን ሆነ? መድን ያገኙት ማዳበሪያ የመግዛት ፍላጎታቸው ከፍ አለ፣ በጣም ባይባልም። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ባለፈው ዙር የወጣው አየር የአሁኑን ግዢ ይነካል። ዕጣው ዕጣ ነው፣ ያለፈው ለሚመጣው ምንም አይነግርም። ሰው ግን አምና የመታውን አይረሳም።

አባቴም አይረሱም። እኛ አገር ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ሲንቦገቦግ ለእንግዳ ሰው ያምራል። የአገሩ ሰው ግን ደስ አይለውም። ደመና የሌለበት ሌሊት ውርጭ ያመጣል። አባቴ በእንደዚያ ያለ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥተው ሰማዩን አይተው ይመለሳሉ። ማየታቸው ምንም እንደማያደርግ እያወቁ። ጠዋት ሳሩ ላይ ነጭ ነገር ተነጥፎ ይታያል፣ ፀሐይ ወጥታ ስትነካው ደግሞ የባቄላው ቅጠል የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይጠቁራል። ለማዳበሪያው የወጣው ብር እዚያው ማሳው ውስጥ ቀረ። አበዳሪው ግን ውርጭ መታኝ ቢሉት አይሰማም። እኚህን ሰውዬ አዳራሽ አስቀምጦ «ማዳበሪያ ምርት ይጨምራል» ማለት ምን ይጠቅማል? ያውቁታል። ምርት እንደሚጨምር ከማንም በላይ ያውቃሉ። የሚፈሩት ሌላ ነው።

ፍርሃቱም ተለክቷል። ማህሙድ የሱፍና ራንዳል ብሉፍስቶን በ2009 ያሳተሙት ጥናት በአማራ ክልል የደጋ ገበሬዎችን በእውነተኛ ገንዘብ አጫውቶ ነው። ብዙ ሊያስገኝ ግን ባዶ ሊያስቀር የሚችል ምርጫና ትንሽ ግን እርግጠኛ የሆነ ምርጫ እያቀረቡ ማለት ነው። አብዛኛው ገበሬ ትንሿን እርግጠኛ ነገር ይመርጣል። ከማትረፍ ሌላ መክሰርም ያለበት ጨዋታ ሲመጣ ፍርሃቱ ይብሳል። ሀብት ያለው ይደፍራል፣ የሌለው ይፈራል። ቀደም ባለው ዙር የቀናውም ለቀጣዩ ይደፍራል። ይህን ሳነብ ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ሦስት በሬ ያለው ሰውዬ አዲስ ዘር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞክረው ስለተማረ መስሎን ነበር። አልተማረም። ቢከስር የሚሸጠው በሬ ስላለው ነው።

እንግዲህ ድሃ ስለሆነ ይፈራል፣ ስለሚፈራ አይሞክርም፣ ስላልሞከረ ድሃ ሆኖ ይቀራል። ይቺን ክብ በሥልጠና የሚቆርጣት ካለ ይንገረኝ።

አሁን ወደ ክፍሌ ልውሰዳችሁ። የሙከራ ኢኮኖሚክስ የጀመረው ክፍል ውስጥ ስለሆነ እኔም መብት አለኝ ብዬ አስባለሁ። ኤድዋርድ ቻምበርሊን የሚባሉ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ተማሪዎቻቸውን ሻጭና ገዢ አድርገው ያገበያዩ ነበር፣ ውጤቱንም በ1948 አሳተሙ። የሳቸው ሐሳብ የኢኮኖሚክስ መጽሐፉ የሚለው፣ አቅርቦትና ፍላጎት የሚገናኙበት የገበያ ዋጋ በተግባር አይመጣም የሚል ነው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ቨርነን ስሚዝ ይባላል። እሱ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆን ጨዋታውን በ1956 ትንሽ ለወጥ አድርጎ ደገመው። ሁሉም ሰው ዋጋውን ጮክ ብሎ ይናገር፣ ሁሉም ይስማ፣ ጨዋታውም ይደጋገም አለ። ያን ጊዜ ዋጋው መጽሐፉ ወዳለው ቦታ መጣ። ስሚዝ በ2002 የኖቤል ሽልማት ወሰደ፣ የሥነ ልቦናው ሰው ዳንኤል ካህነማንም አብሮት። አንድ ኢኮኖሚስትና አንድ የሥነ ልቦና ምሁር ናቸው፣ የሰውን ውሳኔ ግን ሁለቱም በሙከራ ነው ያዩት።

እኔ ያገበያየሁት በግ ነው። ሌላ ምን ይኖራል፣ ሰሜን ሸዋ ላይ! ካርቶን ቆራርጬ ሃያ ካርድ ሠራሁ። ለአሥሩ ሻጮች «በጉ ከዚህ በታች ከተሸጠ ትከስራለህ» የሚል ዋጋ፣ ከ6,000 ብር ጀምሮ በ500 እየጨመረ እስከ 10,500። ለአሥሩ ገዢዎች ደግሞ «ከዚህ በላይ ከገዛህ ትከስራለህ»፣ ከ11,000 ጀምሮ እየቀነሰ እስከ 6,500። ካርዱን ለማንም ማሳየት ክልክል ነው። በሰሌዳው ላይ የሻጮቹን ዋጋ አንድ መስመር፣ የገዢዎቹን ሌላ መስመር አድርጌ ብስላቸው የሚገናኙት 8,500 ላይ ነው፣ የሚሸጠውም ከአምስት ወይም ከስድስት በግ አይበልጥም። ይህን ለተማሪዎቹ አልነገርኳቸውም።

የመጀመሪያው ዙር ጉድ ነው። አንዷ በ7,000 ሸጠች፣ አንዱ በ9,800 ገዛ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ማንም ሳይሾመው ደላላ ሆነና በሁለቱ መሀል ገብቶ «የኔስ?» ማለት ጀመረ። ከአጠገብ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጩኸቱ ቀነሰ፣ ሁሉም የመጀመሪያውን ዙር ዋጋ ሰምቷላ። በሦስተኛው ዙር ስድስት በግ ተሸጠ፣ ሁሉም ከ8,300 እስከ 8,600 ባለው። ያን ጊዜ ጠመኔ አንስቼ ሁለቱን መስመሮች ሳልኩላቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አሥር ዓመት ያህል ያንን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ። ተማሪ ሥዕሉን አይቶ ዝም ሲል ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከበጉ ገበያ በኋላ «ቲቸር፣ ሌላ ጨዋታ!» መባል መጣ። የመቶ ብሯን ጨዋታ አመጣሁ። ቨርነር ጉትና ሁለት ባልደረቦቹ ጀርመን ውስጥ በ1982 ያሳተሟት ናት። ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው መቶ ብር ይሰጠውና ለሁለት ይካፈላል፣ ምን ያህል ለሌላው እንደሚሰጥ ራሱ ይወስናል። ሁለተኛው እሺ ካለ እንደተባለው ይካፈላሉ። እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ድርድር የለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የድሮው መጽሐፍ እንደሚለው ከሆነ ሁለተኛው አንድ ብርም ቢሆን ይቀበላል፣ ከምንም ይሻላልና። በየሙከራው የታየው ግን ሌላ ነው። አካፋዩ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ይሰጣል። ከ20 በታች የቀረበለት ሰው ደግሞ ግማሽ ያህል ጊዜ አልፈልግም ይላል።

የመምህር ደመወዝ ለሃያ ጥንድ መቶ መቶ ብር አያድልም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹም የሚያደርጉትን አደረግኩ። ሁሉም በወረቀት ይወስናሉ፣ የሚከፈለው ግን በዕጣ ለወጣው ለአንዱ ጥንድ ብቻ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ አይታወቅም። አብዛኛው ወረቀት ላይ ሃምሳ ሃምሳ ወይም አርባ የሚል ነበር። አንዱ 15 ብር ብሎ ጻፈ። የደረሳት ልጅ «አልፈልግም» ብላ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራ መለሰችልኝ። ከክፍል በኋላ ቀርባ አናገረችኝ።

«15 ብር ጥሩ ሻይ በዳቦ ነበር እኮ» አልኳት።

«ቲቸር፣ እሱ 85 እየበላ?»

«ማን እንደሆነ አታውቂውም።»

«እሱ ግን ራሱን ያውቃል» አለችኝ።

መጽሐፉ ውስጥ ይቺ ልጅ የለችም። ሕይወት ውስጥ ግን ሞልታለች። እኛ ሰፈር በአንድ ክንድ ድንበር ሰበብ ለጠበቃ የወጣው ገንዘብ መሬቱን ሁለት ጊዜ ይገዛ ነበር። ይህን ደግሞ ድንቁርና ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ዋጋ ያለው ነገር ሆኖ ነው የሚታየኝ፣ ሰውዬው ላለመናቅ እየከፈለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ጥያቄ የመጣው ከተማሪ ነው። «መቶ ብር ስለሆነ ነው፣ መቶ ሺህ ቢሆን ማን እምቢ ይላል?» አለኝ። ልክ ነው። ሊሳ ካሜሮን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሞክራዋለች፣ ጥናቱ የታተመው በ1999 ነው። የገንዘቡ መጠን ተሳታፊው በወር ከሚያወጣው ሦስት እጥፍ ድረስ ደረሰ። ተቀባዮቹ እምቢታቸውን ቀነሱ። አካፋዮቹ ግን ገንዘቡ በዛ ብለው የሚሰጡትን ድርሻ ያን ያህል አላሳነሱም።

ሌላም አለ። ጆሴፍ ሄንሪክና ጓደኞቹ ይህቺኑ ጨዋታ ይዘው በ15 ትንንሽ ማኅበረሰቦች ዞሩ፣ አዳኞች፣ ከብት አርቢዎች፣ ትንንሽ ገበሬዎች ዘንድ። ፔሩ ውስጥ ማቺጉዌንጋዎች የሰጡት በአማካይ ሩብ ገደማ ነው፣ ተቀባዩም እምቢ አላለም ማለት ይቻላል። ኢንዶኔዥያ ላማሌራ ላይ በጋራ ዓሣ ነባሪ የሚያድኑት ደግሞ ከግማሽ በላይ ሰጡ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ያሉት አውና ግናው የሚባሉት ከግማሽ በላይ ሲሰጣቸው እንኳ እምቢ የሚሉ ተገኙ። ለምን? የተቀበሉት ስጦታ ውለታ ሆኖ ያስራቸዋላ። ይህን ለአንድ የሸዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አባቴ ጎረቤት በነጻ ያረሰላቸውን ጥማድ ቀን እስኪመልሱ ድረስ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ስለዚህ ሰው ሁሉ አንድ ነው ማለት አይቻልም፣ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ የተገኘውንም እዚህ አምጥቶ መለጠፍ አይቻልም። ለዚህ ነው እዚህ ይሞከር የምለው።

እዚህ የተሞከሩም አሉ፣ ግን ማን ያወራላቸዋል? በባሌ ደን ላይ የተሠራው አንዱ ነው። ዴቬሽ ሩስታጊ፣ ስቴፋኒ ኢንግልና ሚካኤል ኮስፌልድ በ2010 ያሳተሙት። ከ49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖች 679 ሰዎችን ለጋራ ጥቅም ገንዘብ የማዋጣት ጨዋታ አጫወቱ። ሌላው ካዋጣ እኔም አዋጣለሁ፣ ካላዋጣ አላዋጣም የሚል ስንት ነው? ከዚያ ወደ ደኑ ሄደው ዛፉን ቆጠሩ። «አንተ ካዋጣህ አዋጣለሁ» የሚል ሰው የበዛበት ቡድን ደኑም የተሻለ ነው፣ አባላቱም ደኑን በመጠበቅ ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ። ደቦና ወንፈል ማለት እኮ ይኸው ነው። ወንፈል ወጥቶ የቀረበት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እግሬን አመመኝ ይላል።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የፋብሪካው ጉዳይ አለ። ከተማችን የኢንዱስትሪ ከተማ እየሆነች ነው፣ ፋብሪካው በዝቷል፣ «ወጣቱ ሥራ ይንቃል፣ በወሩ ይለቃል» የሚለው ወሬም አብሮ በዝቷል። የሥራ ባህል ግንዛቤ እጥረት ነው ይሉታል፣ እንግዲህ! ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ይህንኑ ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ሞክረውታል፣ ያሳተሙት በ2018 ነው። ሥራ ፈልገው ከተመዘገቡት ውስጥ በዕጣ ከፊሎቹ ሥራው ተሰጣቸው፣ ከፊሎቹ 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው፣ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከዓመት በኋላ ሲታይ ሥራ የተሰጣቸው አብዛኞቹ ለቀዋል። ገቢያቸውም ምንም ካልተሰጣቸው ብዙም አልተለየም፣ የጤና ችግሩ ደግሞ ጨመረ። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው 33 በመቶ ከፍ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ አገኙት። ይህን የመጨረሻውን ሰው አይጠቅሰውም፣ ውጤቱ ስለማያስደስት ነው መሰለኝ። እኔ ግን ዘርፉን ያመንኩት በዚህ ነው፣ ተመልሰው ሄደው የማያስደስተውንም ጽፈዋል።

ተመልሰው መሄድ ስል አንድ ቅሬታ አለኝ። ከዓመታት በፊት እኛ ቀበሌ መጠይቅ የያዙ ወጣቶች መጡ። የማን እንደነበሩ አልጠራም። አባቴን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንት በግ፣ ስንት ዶሮ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ሥጋ በሉ ሲሏቸው ዋሉ። እናቴ ጠላ ቀዳች፣ ቆሎ አቀረበች። ፈረሙ፣ ሄዱ። ምን እንዳገኙ የነገረን የለም። አባቴ አሁን ድረስ «እነዚያ ልጆች በጎቼን ቆጥረው ወዴት ሄዱ?» ይላሉ። የሚመጣው ተመራማሪ በጨዋታም ይምጣ በመጠይቅ፣ ያገኘውን መልሶ ለእድሩ ይንገር። ከእድር ስብሰባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

«ሰው አይጥ ነው ወይ የምትሞክሩበት?» የሚሉም አሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሻይ ቤት ውስጥ እንዲህ ብሎ ቆጣ አለብኝ። መልሴ ይህ ነው። አሁንም እየተሞከረብን ነው። አዲስ አሠራር በየዓመቱ ይመጣል፣ በሁሉም ቀበሌ አንድ ቀን ይጀመራል፣ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ይተካል። ሠራ ወይስ አልሠራ ማንም አያውቅም፣ የሚነጻጸርበት የለምና። የሙከራው ልዩነት ዕጣው ነው፣ በዕጣ የደረሰውን ካልደረሰው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ዕጣ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዕቁብ በዕጣ ነው፣ መሬት ሲከፋፈልም ዕጣ ይጣላል። ለሁሉም የማይዳረስ ነገር ሲመጣ ዕጣ ከዘመድ አዝማድ ይሻላል። በዚያ ላይ ገበሬው ፈቃደኛ ካልሆነ መተው መቻል አለበት፣ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ለወረዳው የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን የሠሩትን ተመልከቱ፣ በ2011 ታትሟል። (ዱፍሎና ክሬመር ከአብሂጂት ባነርጂ ጋር በ2019 ኖቤል የወሰዱት ድህነትን በሙከራ በማጥናታቸው ነው።) ገበሬው ማዳበሪያ እገዛለሁ ይላል፣ ጊዜው ሲደርስ ግን ገንዘቡ የለም። ስለዚህ ልክ ምርት እንደተሰበሰበ፣ እጁ ላይ ብር ሳለ፣ «አሁን ከከፈልክ ቤትህ ድረስ በነጻ እናመጣልሃለን» አሉት። ዋጋ አልቀነሱም፣ ማጓጓዣውን ብቻ ነው። ተጠቃሚው በደንብ ጨመረ፣ በኋላ ላይ ዋጋውን በግማሽ መቀነስ የሚያመጣውን ያህል።

የእኛን አገር ዓመት አስቡት። ገብስ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጥር ላይ ጎተራው ሞልቷል። ጥር ላይ ግን ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ የማኅበር ተራ አለ። ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ክፈል ሲባል አባቴ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው። ጥር ላይ የነበረው ብር ተበልቷል፣ አብዛኛውንም የበላነው እኛ እንግዶቹ ነን።

እንግዲህ ሃያ ቀበሌ ይወሰድ። አሥሩ በዕጣ ይውጣ። በእነሱ ጥር ላይ ቅድሚያ ክፍያ ይጀመር፣ ደረሰኝ ይሰጥ፣ ማዳበሪያው ሲመጣ እስከ ቀበሌው መጋዘን ማጓጓዣው የገበሬው አይሁን። በቀሩት አሥሩ እንደ ወትሮው ሰኔ ላይ ይሁን። መስከረም ላይ ስንት ኩንታል የት እንደሄደ ይቆጠር። የተሻለው በሚቀጥለው ዓመት ለሃያውም ይሁን። አንድ አደጋ ይታየኛል። ደረሰኝ ይዞ የጠበቀ ገበሬ ማዳበሪያው ከዘገየበት ወይም ዋጋ ጨምሯል ከተባለ፣ ሁለተኛ ማንንም አያምንም። ይህን ዋስትና መስጠት የማይችል መሥሪያ ቤት ባይጀምረው ይሻላል። (ማዳበሪያ ራሱ ሲጠፋ የሚሆነውን አልዘነጋሁትም፣ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

ይህን ሁሉ ለአባቴ ስነግራቸው በጸጥታ ሰሙኝ። ስለ ኬንያው አልጠየቁኝም። ስለ ገበሬዎቹ ጨዋታ ነው የጠየቁኝ።

«ገንዘቡን በእውነት ይሰጧቸው ነበር?»

«አዎ፣ እንደ ጨዋታው ውጤት ይከፈላቸዋል።»

«እንዲያ ከሆነማ እኔም አንድ ቀን እመጣለሁ» አሉኝ።

የበጉ ገበያ ካርዶች አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፣ ሃያውም። ጽሑፉን የጻፉት ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ብቅ ካሉ ሐሙስ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼ ያገበያይዋቸዋል። ሻጭ ይሁኑ ገዢ በዕጣ ነው የሚለየው። አበል የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን